ሙቀት ሲነካኝ ቆዳዬ ያብዳል

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ግማሾቹ ዞረው ዞረው ቆዳና ሙቀት ላይ ያርፋሉ። አንዷ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ስታክ ታድራለች። ሌላው በፀሐይ ተቃጥሎ ለብ ያለ ውሃ እሳት ሆኖበታል። አንዱ ደግሞ ለአባቱ የበርበሬ ቅባት ታዞ «ሐኪሟ ቀልዳብን ይሆን እንዴ?» ይላል። መልሳቸው አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ለዛሬ ሰብስቤ አቅርቤአቸዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአለሁ፣ ስማችሁንም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ችፌ አለብኝ። ቀን ቀን ደህና ነኝ። ማታ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሰውነቴ መሞቅ ሲጀምር የክንዴ መታጠፊያና ከጉልበቴ ጀርባ ያለው ቆዳ ያብዳል። ደም እስኪወጣ አካለሁ። ሙቅ ሻወር ስወስድ ደግሞ ገነት የገባሁ ነው የሚመስለኝ፣ ከወጣሁ በኋላ ግን ይብስብኛል። ባለቤቴ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» ይለኛል። እውነት የሐሳብ ነው?
እንቅልፍ ያጣችው

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መልስ ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። የሐሳብ አይደለም። ጭንቀት ማሳከክን ያባብሳል፣ እሱስ እውነት ነው። ማታ ማታ ያንቺን የሚቀሰቅሰው ግን ሙቀቱ ራሱ ነው።

ብዙዎቻችን ሙቀት የምናውቀው በነርቭ ብቻ ይመስለናል። ቆዳው ዝም ብሎ የተዘረጋ ሽፋን ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለው ነርቭ ነው ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። የላይኛውን የቆዳ ሽፋን የሚሠሩት ኬራቲኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ራሳቸው ሙቀት ይለያሉ። በሴሉ ሽፋን ላይ በጣም ጥቃቅን በሮች አሏቸው። ሳይንሱ አዮን ቻናል ይላቸዋል፣ እኔ በር እያልኩ ልቀጥል። በሩ ፕሮቲን ነው። አራት ተመሳሳይ ቁራጮች ይገጥሙና መሃላቸው ላይ ቀዳዳ ይተዋሉ። ሙቀቱ በቂ ሲሆን ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ከውጭ ካልሲየምና ሶዲየም ይገባል። ሴሉ ነቃ ማለት ነው።

ካንቺ ጋር ጉዳይ ያለው በር ቲአርፒቪ3 ይባላል። ስሙ ለአፍ አይመችም፣ ምን ይደረግ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሦስት የምርምር ቡድኖች በተቀራረበ ጊዜ አገኙት። መከፈት የሚጀምረው 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ይቺን ቁጥር ያዢልኝ። የቆዳችን የላይኛው ገጽ በደህናው ቀን ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሆናል። በሩ የተቀመጠው ልክ ጠርዙ ላይ ነው ማለት ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ ቆዳሽ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲጨምር ጠርዙን አለፍሽው።

ጤነኛ ቆዳ ላይ ይሄ «ሞቀኝ» ከማለት አያልፍም። የችፌ ቆዳ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ችፌ ካለበት ቆዳ ናሙና ወስደው ሲያዩ ይህ በር ከወትሮው በዝቶ አግኝተውታል። በዚያ ላይ ክፉ ጠባይ አለው፤ ደጋግሞ ሲነካ አይደክምም፣ ይብስበታል እንጂ። ሁለተኛው ሙቀት ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከፍተዋል። በሩ የተከፈተበት ሴል ደግሞ ዝም አይልም፤ ነርቭ የሚጎነትሉና ቆዳውን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ዙሪያውን ይረጫል፣ ነርቩም ማሳከኩን ወደ አንጎል ይልካል። ስታክኪው ቆዳው ይላጣል፣ ሲላጥ ይቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይሞቃል፣ ሲሞቅ እንደገና ያሳክካል፣ እንዲህ እያለ ይነጋል። የድሮ የቃጠሎ ጠባሳቸው ሙቀት ሲሆን የሚበላቸው ሰዎችም አሉ። በሚያሳክክ የቃጠሎ ጠባሳ ውስጥም ይኸው በር በዝቶ ተገኝቷል።

ሻወሩስ ለምን ገነት ሆነ? በጣም የሞቀ ውሃ የሕመም ነርቮችን ይቀሰቅሳል፣ ሕመም ደግሞ ማሳከክን ለጊዜው ያፍነዋል። ማከክ ራሱ ደስ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ሲወርድብሽ እፎይ ትያለሽ። ስትወጪ ግን ሕመሙ የለም፣ ቆዳሽ ሞቋል፣ ውሃውም የቆዳሽን ቅባት ጠርጎ ሄዷል። ደረቅ፣ የሞቀና የተቆጣ ቆዳ ይዘሽ አልጋ ውስጥ ትገቢያለሽ። ከዚህ የባሰ አገባብ የለም።

ውሃውን ለብ አድርጊው፣ ቶሎም ውጪ። በፎጣ አትፈትጊ፣ ዳበስ ዳበስ አድርጊና ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ተቀቢ። ማታ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ከመልበስ ሁለት ስስ መደረብ ይሻላል፣ ሲሞቅሽ አንዱን ትገፊዋለሽ። ማሳከኩ ሲነሳብሽ ከጥፍርሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሞክሪ። ካምፎር ያለበትን ባልም ደግሞ አደራ፣ አትቀቢበት፤ ካምፎር ይህንኑ በር ይከፍታል። ከጦስኝ የሚወጣው ታይሞልና የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለው ዩጂኖልም እንደዚያው። «የተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ብሎ የሚያቀብልሽ ሰው አይጠፋም። የተቆጣ ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር አይቀባም፣ የተፈጥሮም ይሁን የፋብሪካ።

ደም እስኪወጣ የምታክኪ ከሆነ ግን ነገሩ ከብርድ ልብስ አልፏል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ችፌን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ፣ ቁጣው ሲበርድ ሙቀቱንም ትችይዋለሽ። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሽ ደግሞ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ኦልምስተድ ሲንድረም ስለሚባል በሽታ ሲነግረን «ሙቀት የሚለይ አንድ ፕሮቲን ሲበላሽ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ይወፍራል» አለን። ሙቀት መለየትና የቆዳ መወፈር ምን አገናኛቸው? ብጠይቀው «ለፈተና አይመጣም» አለኝ።
ያልገባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለፈተና ባይመጣም ጥያቄህ አሪፍ ነው። ያ ፕሮቲን ከላይ ለእህታችን የነገርኳት ቲአርፒቪ3 ራሱ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን። ኦልምስተድ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1927 ነው የመዘገበው። እጅግ ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት ይጀምራል። የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ያማል፤ መራመድ የሚያቅታቸው ልጆች አሉ። አንዳንዴ ጣት ዙሪያ ወፍራም የቆዳ ቀለበት ይሠራና ደም እየከለከለ ጣቱን እስከማሳጣት ይደርሳል። አፍና አፍንጫ ዙሪያ፣ መቀመጫም አካባቢ ያለው ቆዳ ይወፍራል። ፀጉር ይሳሳል ወይም ጭራሽ አይበቅልም። ማሳከኩ ከባድ ነው። አንዳንዶቹን ሙቀት ሲነካቸው እጅና እግራቸው ቀልቶ እንደ ጉድ ያቃጥላቸዋል።

መንስኤው ለ85 ዓመት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቻይና ያሉ ተመራማሪዎች የሕሙማንን ጂን ሲመረምሩ የቲአርፒቪ3 ጂን ላይ ለውጥ አገኙ። የሰው ቲአርፒቪ3 አንዱ ቁራጭ አሚኖ አሲድ የሚባሉ 790 የፕሮቲን ጡቦች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ነው። ከነዚያ ውስጥ 573ኛው ግላይሲን መሆን ሲገባው ብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ሴሪን ሆኖ ተገኘ። ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሿ ናት፣ ሴሪን በጥቂት አቶሞች ብቻ ትበልጣታለች። ልዩነቷ ይቺው ናት። ውጤቷ ግን ሌላ፤ በሩ ሙቀት ሳይጠብቅ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

እኔን የገረመኝ ይህ ለውጥ ከሰው በፊት በአይጥ ላይ መታወቁ ነው። ጃፓን ውስጥ ለምርምር ከሚረቡ ትንንሽ አይጦች መካከል ፀጉር አልባ ሆነው የሚወለዱና ቆዳቸው የሚቆጣ ዘሮች ነበሩ። ጂናቸው ሲታይ እዚያችው 573ኛ ቦታ ላይ ያው ግላይሲን በሴሪን ተተክቷል። ፀጉር የማያበቅሉ የትልልቅ አይጦች ዘር ላይም ችግሩ እዚያችው ቦታ ላይ ተገኘ፣ የነሱ ግን በሲስቲን ነው የተተካው። ሁለት የአይጥ ዓይነትና ሰው፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ተሰናክለዋል። ቦታዋ ለበሩ መዘጋት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነች ከዚህ በላይ ምን ይነግርሃል?

አሁን ወደ ጥያቄህ። ካልሲየም ለኬራቲኖሳይት ትእዛዝ ነው። ሴሉ ከታች ተወልዶ ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣል፣ እየበሰለ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሞቶ የውጭው ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። መቼ ማደግ አቁሞ መብሰል እንዳለበት ከሚነግሩት ነገሮች አንዱ ካልሲየም ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ ትእዛዙ አያባራም። ሁለተኛ ነገር አለ። ቲአርፒቪ3 ብቻውን አይቆምም፤ ኢጂኤፍአር ከሚባል የእድገት ምልክት ተቀባይ ጋር ተቆራኝቶ ነው የሚሠራው። ይህ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በሩ ሲከፈት ሴሉ ለዚያ ተቀባይ የሚሆን የእድገት ምልክት ይለቃል፣ ተቀባዩ ሲነቃ ደግሞ ተመልሶ በሩን ይበልጥ ያነቃቃዋል። እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የሕሙማኑ መዳፍ ላይ የሚታየው ውፍረት የዚህ መገፋፋት ውጤት ነው።

እንዲያውም «ሙቀት የሚለይ ፕሮቲን» የሚለው መጠሪያ ራሱ ግማሽ ሥራውን ብቻ ነው የሚናገረው። በኔ እይታ ዋና ሥራው ቆዳና ፀጉር መሥራት ነው፣ ሙቀቱ ደርቦ የያዘው ይመስለኛል። ማስረጃዬ ይኸው፦ ይህን በር ጨርሶ እንዲያጡ የተደረጉ አይጦች ፀጉራቸውም ጢማቸውም ይጠማዘዛል፣ የላይኛው የቆዳ ሽፋናቸውም እንደሚገባው አይሠራም። በሩ ሲበዛ ፀጉር የለም፣ ሲጠፋ ፀጉሩ ይጠቀለላል።

ሕክምናም ከዚሁ ነው የመጣው። ኤርሎቲኒብ የሚባል ኪኒን አለ፣ ለሳንባ ካንሰር የተሠራ፣ ኢጂኤፍአርን የሚያፍን። ሐኪሞች በሩን መዝጋት ካልቻልን ተባባሪውን እንያዘው ብለው ለጥቂት የኦልምስተድ ሕሙማን ሰጡት። የመዳፋቸውና የውስጥ እግራቸው ቆዳ ሳሳ፣ ሕመሙና ማሳከኩም ቀነሰላቸው። የካንሰር መድኃኒት ስለሆነ የራሱ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፣ ያለ ሐኪም ክትትል የሚነካ አይደለም። ቢሆንም ለዓመታት ቆዳ ከመፋቅና ቅባት ከመቀባት በቀር ብዙም ምርጫ ላልነበራቸው ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ይህን ለመምህርህ ንገረው፣ ምናልባት የሚቀጥለው ፈተና ላይ ያመጣው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ ውዬ ትከሻዬ ተቃጠለ። ማታ ለብ ያለ ውሃ ሳፈስበት ዘለልኩ! ውሃው እኮ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ነበር። ምን ሆኜ ነው?
የተላጠው

መልስ፦ ውሃው ያው ነው፣ የተለወጠው ያንተ ልክ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ሌላ በር ነው፣ ቲአርፒቪ1። የዚህኛው ዋና መኖሪያ ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮች ናቸው። በተለመደው ጊዜ የሚከፈተው 43 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ማለትም ሙቀት «ሞቀኝ» መሆኑ ቀርቶ «አቃጠለኝ» የሚሆንበት ቦታ። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ግን ፕሮስታግላንዲንና ብራዲኪኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። እነሱ በሩን ያለዝቡታል፣ መክፈቻው ወደ ሰውነት ሙቀት ድረስ ሊወርድ ይችላል። ያኔ 37 ዲግሪ ውሃ ለነርቭህ ፍል ውሃ ነው። ሰውነትህ የቆሰለውን ቦታ እንዳትነካካ እየከለከለህ ነው።

ቀዝቀዝ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጣልበት፣ በረዶ በቀጥታ አታድርግ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያደርግ ይረዳል፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብህ ግን መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ጠይቅ። ውሃ በደንብ ጠጣ። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ከቋጠረ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ አባቴን አልማዝ ባለጭራ ይዞት ነበር። ሽፍታው ከጠፋ ወራት አልፎታል፣ ሕመሙ ግን አልለቅ አለው፤ ሸሚዝ ሲነካው ይጮኻል። ሐኪሟ ከበርበሬ የተሠራ ቅባት አዘዘችለት። አባቴ «በሚያቃጥለው ላይ የሚያቃጥል?» ብሎ ተቆጣ። እውነት ለመናገር እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር።
የአባቱ ልጅ

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ታሪክ ቆንጆው ክፍል ይሄ ነው፣ ረጋ ብለህ ለአባትህ አውራለት።

በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በርበሬ ምንም ሙቀት የለውም፣ ቴርሞሜትር ብትሰካበት የክፍሉን ሙቀት ነው የሚያነበው። ታዲያ ለምን «ተቃጠልኩ» እንላለን? ዴቪድ ጁሊየስ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ለማወቅ ተነሡ። ከስሜት ነርቮች የተወሰዱ በርካታ ጂኖችን ለበርበሬ ደንታ ወደሌላቸው ሴሎች በየተራ አስገቡ። ከዚያ ካፕሳይሲን እያፈሰሱ፣ ካልሲየም ሲገባ የሚያበራ ቀለም ተጠቅመው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ብዙዎቹ ጭልም ብለው ቀሩ። ጥቂት ሴሎች ቦግ አሉ። እነዚያ ሴሎች ውስጥ የገባው ጂን የቲአርፒቪ1 ጂን ነበር። ቀጥለው ያንኑ በር ሲያሞቁት በሙቀትም ተከፈተ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በ2021 ጁሊየስ የኖቤል ሽልማቱን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈሉ። ፓታፑቲያን በነገራችን ላይ ቲአርፒቪ3ን ካገኙት አንዱ ናቸው።

ስለዚህ በርበሬና እሳት አንድ በር ነው የሚያንኳኩት፣ አንጎል ማን እንዳንኳኳ አይለይም። ወፎች ቲአርፒቪ1 አላቸው፣ ካፕሳይሲን ግን የነሱን አይከፍተውም። በርበሬውን እንደ ጉድ ለቅመው ዘሩን ይበትኑለታል። ተክሉ ጥርስ ያለውን አባርሮ ክንፍ ያለውን ጋብዟል ማለት ነው።

ታዲያ አባትህን እንዴት ይረዳዋል? ቲአርፒቪ1 ከቲአርፒቪ3 በተቃራኒ ይደክማል። ካፕሳይሲን ደጋግሞ ወይም በብዛት ሲያገኘው በሩ ምላሽ መስጠት ያቆማል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ የነርቩ ጫፍ ራሱ ከቆዳው ወደኋላ ይሸሻል። በኋላ ተመልሶ ያድጋል፣ እስከዚያው ግን ሕመሙ ጋብ ይላል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቅባት ነው፣ ከ0.025 እስከ 0.075 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚቀባ። ሌላው 8 በመቶ የያዘ ፕላስተር ነው፣ በሐኪም ቤት ብቻ ለ60 ደቂቃ ተለጥፎ የሚነሳ፤ የተስማማው ሰው ለሦስት ወር ያህል እፎይ ሊል ይችላል። የአባትህ ቅባቱ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያቃጥለዋል፣ ይህን አስቀድመህ ንገረው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልቻልኩም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አዘውትሮ ሲቀባው ግን ማቃጠሉ እየቀነሰ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ብቻ መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው፣ በሩ ሳይደክም እየነቃ ይኖራል። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል።

ቁስል ወይም ገና ያልደረቀ ሽፍታ ላይ አይቀባም። የምትቀባለት አንተ ከሆንክ ጓንት አድርግ። ከሙቅ ሻወር በፊትም ሆነ ወዲያው በኋላ አይሁን። ዓይንህን እንዳትነካ። እጅህን ከነካ ውሃ ብቻውን አይሠራም፣ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት አሽተህ በሳሙና ታጠብ። እና እባክህ፣ እባክህ፣ «እንግዲያው እቤት ያለውን በርበሬ ልለውስለት» እንዳትል። መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳውን ልትልጠው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ የሚመጣው በአንድ በር ከሆነ በሩን የሚዘጋ ኪኒን ሠርተው ለምን አይገላግሉንም?
ቸኩያለሁ

መልስ፦ ሠርተውት ነበር። በርካታ የመድኃኒት ኩባንያዎች ቲአርፒቪ1ን የሚዘጉ ኪኒኖች ሠርተው ሰው ላይ ሞከሩ። ሁለት ነገር ጠለፋቸው።

የመጀመሪያው ትኩሳት ነው። ይህ በር ቆዳ ላይ ብቻ ተቀምጦ ሙቀት የሚጠብቅ አይደለም፣ የሰውነትን አጠቃላይ ሙቀት በመቆጣጠርም እጁ አለበት። ሲዘጋ ሰውነት «በርዶኛል» ብሎ ራሱን ማሞቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት መንጋጋ ጥርስ ያስነቀሉ ሰዎች ከነዚህ ኪኒኖች አንዱን ወስደው የአንዳንዶቹ ሙቀት 40 ዲግሪ ደረሰ። ጥርስ ሲያምህ ማስታገሻ ውጠህ 40 ዲግሪ ትኩሳት ይዘህ መተኛት! ሁለተኛው ደግሞ፣ ኪኒኑን የወሰዱ ሰዎች የሚጎዳ ሙቀትን መለየት አቃታቸው። የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ እጃቸውን ከትተው እንደወትሮው ቶሎ አያወጡም። ሕመሙን ብቻ ነጥሎ መዝጋት አልተቻለም።

ሥራው አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቲአርፒቪ1 ቅርጽ በዝርዝር ታየ፣ አሁን ተመራማሪዎች በሩን የሚያውቁት በግምት ሳይሆን አቶም በአቶም ነው። ሙቀት የሚያስተውለውን ክፍሉን ሳይነኩ ሌላውን ብቻ የሚያፍኑ መድኃኒቶች እየተፈለጉ ነው። እኔ ግን ተስፋ የማደርገው ከሚዋጠው ይልቅ በሚቀባው ነው። ቆዳ ላይ ተቀብቶ እዚያው የሚቀር ነገር የሰውነትን ሙቀት ለማዛባት ዕድሉ ያነሰ ነው። ቲአርፒቪ3ን ለመዝጋት ከሆነ ደግሞ በሩ ያለው እጃችን ሥር፣ የቆዳው ላይኛ ሽፋን ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሜንቶል ያለበት ቅባት እውነት ያቀዘቅዛል ወይስ ይሸውደናል?

መልስ፦ ይሸውዳል። ቲአርፒኤም8 የሚባለውን የቅዝቃዜ በር ይከፍታል፣ ቆዳህን ግን አላቀዘቀዘውም። ሽወዳው ግን ይጠቅማል፣ ለአንዳንድ ሰው ማሳከኩን ያስታግስለታል። ሕፃናት ፊት ላይ አይቀባ።

ጥያቄ፦ የስኳር በሽታ ካለብኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ማታ ማታ ውስጥ እግሬ ይቃጠላል፣ ልጆቼ ሲነኩት ግን ቀዝቃዛ ነው ይሉኛል። ጎረቤቴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊው ትለኛለች። ልሞክረው?
እናት

መልስ፦ እናቴ፣ አይሞክሩት። ጎረቤትዎ አስበውልዎት ነው፣ ግን ይህ ምክር ለእርስዎ አይሆንም።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል በመጀመሪያ ከሚጎዱት ነርቮች መካከል እነዚያ ቀጫጭኖቹ፣ ሙቀትና ሕመም የሚያስተላልፉት ይገኙበታል። የተጎዳ ነርቭ ሁለት የሚቃረን ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል። ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ይተኩሳል፣ እርስዎ «ተቃጠልኩ» የሚሉት ያ ነው፤ ልጆችዎ ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኙትም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እውነተኛ እሳት ሲመጣ አይናገርም። የሚቃጠል የሚመስለው እግር መቃጠሉን የማያውቅ እግር ነው። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያ፣ በሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ እሳት ዳር በመቀመጥ ሳይታወቃቸው እግራቸው ውሃ የቋጠረ የስኳር ሕሙማን ብዙ ናቸው። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም።

ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሁለቱንም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማቃጠሉንም፣ ሙቀት መለየት ማቃቱንም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይናገርና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ ኪኒኖች አሉ። ከላይ ያነሳሁት ባለ 8 በመቶ ፕላስተርም ለስኳር የእግር ሕመም በአንዳንድ አገሮች ተፈቅዷል፣ እግር ላይ የሚቆየው 30 ደቂቃ ነው። ይስማማዎት አይስማማዎት የሚያውቀው እግርዎን ያየ ሐኪም ነው። ስኳርዎ ልኩን ሲይዝ ነርቭዎ ይበልጥ እንዳይጎዳ ይረዳል።

እግርዎን ሲታጠቡ ውሃውን በእግርዎ አይሞክሩ፣ በክርንዎ ወይም በልጅዎ እጅ ያስሞክሩ፣ ከ37 ዲግሪ አይለፍ። ሲጨርሱ በጣቶችዎ መካከል ያለውን በደንብ ያድርቁ። ውስጥ እግርዎን ማየት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው እግርዎን ከላዩ ያንሡ፣ ወይም ልጆችዎ በየቀኑ ይዩልዎት። የቀላ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካገኙ ባያምዎትም በዚያው ቀን ይሂዱ።